ጭነትና ስሙ፦ የዕቃ አስተሻሸግና አጓጓዝ ታሪክ ከጋፋት እስከ መቅደላ

(ለሕዝብ ክፍት ሆኖ የቀረበ ትምህርታዊ ገለጻ፤ ከድምፅ ቅጂ ወደ ጽሑፍ የተመለሰ)



የዛሬው ገለጻዬ ስለ ጭነት ነው። የጋፋት ስም በተነሣ ቁጥር ስለ መድፍ አሠራር፣ ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ውጥንና ስለ አውሮፓውያኑ ሠራተኞች መነጋገር ልማዳችን ሆኗል። ጥያቄያችንም ብዙውን ጊዜ «እንዴት ተሠራ?» የሚል ነው። እኔ ዛሬ ከዚያ ቀጥሎ ያለውን እጠይቃለሁ፤ ከተሠራ በኋላስ እንዴት ተጓዘ? አንድ ዕቃ ከቦታ ወደ ቦታ ሲሻገር የሚያሰጋው አደጋ፣ አደጋውን ለመከላከል የሚዘጋጀው መጠቅለያ፣ ማሰሪያና መንገድ ራሱን የቻለ የታሪክ ምንጭ ነው ብዬ አምናለሁ። ሰው ጠንቅቆ የሚጠቀልለው የሚሳሳለትን ነውና፣ አንድ ማኅበረ ሰብ ለምን ነገር እንደሚሳሳ ከጭነቱ ማንበብ ይቻላል።

የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ ላሳስብ። ለእያንዳንዱም ጭነት ሦስት ጥያቄዎችን አቀርባለሁ። ዕቃው ሊከፈል ይችላልን? የሚጎዳውስ ምንድን ነው? ከደረሰ በኋላ የማን መሆኑ በምን ይታወቃል? የመጀመሪያዎቹን ሁለት ጥያቄዎች ማንኛውም ጫኝ ያውቃቸዋል። ሦስተኛው ግን ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ የዛሬው ንግግሬም በመጨረሻ የሚያርፈው በእርሱ ላይ ነው።

በ19ኛው ምዕተ ዓመት በበጌምድር ደጋ ዕቃ የሚጓዘው በጀርባ ነበር፤ በሰው፣ በአህያ፣ በበቅሎና በአጋሰስ ጀርባ። መንኰራኵር ለጭነት አያገለግልም ነበር። ስለዚህ የአስተሻሸግ ሕግ ሁሉ የሚነሣው ከእንስሳው ጀርባ ነው። ጭነት በሁለቱ ጎን እኩል መመዘን አለበት፤ ያጋደለ ጭነት ይወድቃል፣ ባይወድቅም የከብቱን ጀርባ ይገጥበዋል። ከጭነቱ በታች የሚደረገው መደላድልና ከላይ የሚጠብቀው መጫኛ ዕቃውንም እንስሳውንም አብረው ይጠብቃሉ። ነጋዴው ይህን የተማረው በኪሳራ ነው፤ ጀርባው የተገጠበ አጋሰስ ማለት መንገድ ላይ የቀረ ሸቀጥ ማለት ነበር።

በዚህ ሕግ ውስጥ ለእያንዳንዱ ዕቃ የተለየ ማደሪያ ተበጅቶለታል። እህል በስልቻና በአቁማዳ ይጓዛል፤ ቆዳው ከከብቱ ጎን ጋር ይለመጣልና አይቆረቁርም። ቅቤ በቅል ይያዛል። የመንገድ ስንቅ በአገልግል ይታሸጋል። አገልግልን ልብ ብለን ብንመለከት የረቀቀ ዕቃ ነው፤ ውስጡ ከአክርማና ከሰንደዶ የተሰፋ ስለሆነ እንጀራው አይታፈንም፣ ውጪው በቆዳ የተለበጠ ስለሆነ ዝናብና ግጭት አይበግረውም፣ ክዳኑም በጠፍር ይታሰራል። ሸቀጥም ገንዘብም የነበረው አሞሌ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። እርጥበት ያሟሟዋል፣ ግጭት ይሰብረዋል፤ የተሰበረ አሞሌም ዋጋው ይቀንሳል። ስለዚህ ዙሪያውን በልጥ ይታሰር ነበር። ያ ልጥ የጨውን ገንዘብነት የሚጠብቅ ዋስትና ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

ከእነዚህ ሁሉ በላይ ግን ለጉዞ ታስቦ የተሠራው ዕቃ መጽሐፍ ነው። ብራና የእንስሳ ቆዳ ነው፤ እርጥበት ሲያገኘው ያብጣል፣ ሲደርቅ ይጨማተራል። ጠራዡ ቅጠሎቹን በሁለት የእንጨት ገበታ መካከል የሚያስገባው ለውበት ብቻ አይደለም፤ ገበታዎቹ ብራናውን ተጭነው እንዳይንጋደድ ይይዙታል። ገበታው በቆዳ ይለበሳል፤ የተለበሰው መጽሐፍ ደግሞ በልኩ በተሰፋ ማኅደር ውስጥ ይገባል፤ ማኅደሩም ማንገቻ አለው። በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፣ በመንገድ ጊዜ ከትከሻ ይንጠለጠላል። ማደሪያውና መጓጓዣው አንድ ሆነዋል።

በመጽሐፉ ውስጥ ደግሞ ሌላ መጠቅለያ አለ። በብዙዎቹ የብራና መጻሕፍት መጀመሪያ ወይም መጨረሻ ላይ መጽሐፉ የየትኛው ደብር እንደ ሆነ፣ ማን እንዳጻፈውና ማን እንደ ሰጠው ይጻፋል። የሚሰርቀውን፣ የሚሸጠውንና ጽሕፈቱን የሚፍቀውን የሚያወግዝ ግዝትም ይከተላል። ይህ ጽሕፈት በዛሬ ቋንቋ የዕቃው አድራሻ ነው። ቆዳው መጽሐፉን ከዝናብ ይጠብቃል፤ ጽሕፈቱ ደግሞ ባለቤቱን ከመረሳት ይጠብቃል። የጥንት ጸሐፊዎቻችን ሦስተኛውን ጥያቄ አልረሱትም።

አሁን ወደ ዐፄ ቴዎድሮስ ዘመን ልሻገር። ከቀላሉ ጭነት እጀምራለሁ። በኦክቶበር 1862 ንጉሠ ነገሥቱ ለእንግሊዟ ንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጻፉ፤ ለቆንስል ካሜሮንም አስረከቡት። ደብዳቤው በረሃውንና ባሕሩን ተሻግሮ በ1863 መጀመሪያ ለንደን ደረሰ። አልጠፋም፣ አልረጠበም፣ አልተቀደደም። ነገር ግን መልስ ሳይጻፍለት ቢሮ ውስጥ ቀረ። በ1864 መጀመሪያ ካሜሮን ታሰረ፤ መልስ የያዘው ሆርሙዝድ ራሳም ከቴዎድሮስ ፊት የደረሰው በ1866 መጀመሪያ ላይ ነው። በዓለም ላይ ከሚጓዙ ዕቃዎች ሁሉ ለማሸግ የሚቀለው አንድ ወረቀት ነው፤ ከደረሰ በኋላ ኃላፊነት የሚወስድለት ተቀባይ ስላጣ ግን ያ ወረቀት ወደ ጦርነት ካመሩት ምክንያቶች አንዱ ሆነ። የጉዞ ደኅንነት የሚለካው በመድረስ ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ በታሪካችን አላውቅም።

ቀጥሎ ከቀላሉ ወደ ከባዱ። ጋፋት ላይ የሰፈሩት ሠራተኞች አብዛኞቹ በባዝል አጠገብ ካለው ከቅዱስ ክሪስቾና የሚስዮን ትምህርት ቤት የመጡ ነበሩ፤ ቴዎፍሎስ ዋልድማየር፣ ዛልሙለር፣ ቤንደር፣ ኪንዝለንና ማየር ከእነርሱ ይቆጠራሉ። የፖላንዱ ተወላጅ ሞሪትስ ሆልም አብሯቸው ይሠራ ነበር። ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሆነው ያወጡት ትልቁ መድፍ ሴባስቶፖል ነው፤ ክብደቱ ወደ 7 ቶን ይጠጋል።

በሦስቱ ጥያቄዎች እንመርምረው። ሴባስቶፖልን ዝናብ አያሟሟውም፣ ግጭትም እንደ ዋዛ አይሰብረውም። ችግሩ የመጀመሪያው ጥያቄ ላይ ነው፤ አይከፈልም። አንድ ወጥ ቀልጦ የፈሰሰ ብረታ ብረት ስለ ሆነ በሁለት ጎን አይመዘንም፣ በምንም እንስሳ ጀርባ አይወጣም። በደጋው ላይ ለዘመናት የተገነባው የጭነት ዕውቀት በሙሉ በመከፋፈል ላይ የቆመ ነበር፤ ሴባስቶፖል ያንን ዕውቀት ከንቱ አደረገው። ሠረገላ መሠራት ነበረበት። ሠረገላ ደግሞ መንገድ ይፈልጋል፤ መንገድ ግን አልነበረም።

በኦክቶበር 1867 ዐፄ ቴዎድሮስ ደብረ ታቦርን አቃጥለው መድፎቻቸውን ይዘው ወደ መቅደላ ጉዞ ጀመሩ። መቅደላ የደረሱት በማርች 1868 መጨረሻ ገደማ ነው፤ ግማሽ ዓመት ያህል ማለት ነው። የጅዳንና የበሽሎን ሸለቆዎች ያየ ሰው ምክንያቱን አይጠይቅም። እያንዳንዱ ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ቁልቁል ይወርዳል፤ ከዚያም ያንኑ ያህል ሽቅብ ይወጣል። በመቶ የሚቆጠሩ ሰዎች ገመድ ይዘው ሠረገላውን ሽቅብ ይስባሉ፤ ቁልቁለት ላይ ደግሞ እንዳያመልጥ ወደ ኋላ ይይዙታል። ድንጋይ ይፈነቀላል፣ ገደል ይደለደላል፤ ንጉሠ ነገሥቱ ራሳቸው በገዛ እጃቸው ድንጋይ ያነሡ እንደ ነበር የዓይን ምስክሮች ጽፈዋል።

ብዙ ጸሐፊዎች ይህን ጉዞ የእልህ ሥራ አድርገው ያዩታል። የመድፉን ክብደት ብቻ መውቀስ ግን «አህያውን ፈርቶ ዳውላውን» ይሆናል። ቁም ነገሩ መጓጓዣና ጭነት አለመመጣጠናቸው ነው። ዕቃው መጠቅለያ ሊበጅለት ባለመቻሉ አገሩ ለዕቃው ተበጀ፤ ተራራው ተቆረጠ፣ ሸለቆው ተደለደለ። ሴባስቶፖል የተጠቀለለበት ልብስ መንገዱ ነው ለማለት እደፍራለሁ። ያ መንገድም ከሠሪው ጠላት አልተደበቀም። ጥቂት ሳምንታት ቆይቶ የእንግሊዝ ጦር በጅዳና በበሽሎ በኩል ሲመጣ በቴዎድሮስ መንገድ ተጠቅሟል።

የእንግሊዙ ጦር አዛዥ የጄኔራል ናፒየር ዘመቻ የጭነት ታሪክ ተማሪ ሊያልፈው የማይገባ ነው። ወደ 13,000 ወታደር፣ ከዚያ በእጥፍ የሚበልጥ አገልጋይና ተከታይ፣ ከ40,000 የሚበልጥ እንስሳም ነበረው። በዙላ የባሕር ዳርቻ ግን ጅማሬው ውድቀት ነበር። በቂ ነጂና ውሃ ሳይዘጋጅ የወረዱት በቅሎዎች በብዛት አለቁ። ብልጽግና ብቻውን ጭነት አያደርስም። ከዚያ በኋላ ግን ጦሩ የመከፋፈልን ሕግ ተከተለ። ለተራራ የተሠሩት ቀላል መድፎች ተፈታትተው አፈሙዙ በአንድ በቅሎ፣ እግሩ በሌላ፣ ጥይቱ በሌላ ተጫነ። ሊከፈሉ የማይችሉትን ከባድ መድፎች ከሕንድ የመጡ 44 ዝሆኖች ይዘው ወጡ። ከባሕር ዳር እስከ መቅደላ ወደ 640 ኪሎ ሜትር ነው፤ በጃንዩወሪ 1868 ዙላ የወረደው ናፒየር በኤፕሪል ከመቅደላ ሥር ተገኘ። በሁለቱ ጦሮች መካከል የነበረው ልዩነት በጠመንጃ ዓይነት ብቻ አይገለጥም፤ አንደኛው የመጣው በተከፋፈለ ጭነት፣ ሁለተኛው ባልተከፈለ ጭነት ነበር።

ኤፕሪል 13 ቀን 1868 ዐፄ ቴዎድሮስ በመቅደላ ራሳቸውን ሠዉ። ከዚያ በኋላ የሆነው የጭነት ታሪክ ግልብጥ ነው። ንጉሠ ነገሥቱ በመቅደላ ሊያሠሩት ላሰቡት የመድኃኔ ዓለም ቤተ ክርስቲያን ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ብዙ መጻሕፍት ሰብስበው ነበር። እዚህ ላይ አንድ እውነት መሸፋፈን የለብንም፤ እነዚያ መጻሕፍት ከጎንደር የወጡት በባለቤቶቻቸው ፈቃድ አልነበረም። አሁን ደግሞ ለሁለተኛ ጊዜ ተዘረፉ። መጻሕፍቱ፣ ዘውዱ፣ ጽዋው፣ ልብሱና ታቦቱ በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ተጭነው በሽሎን ተሻግረው ደላንታ ሜዳ ደረሱ። መድፍ ይዘው የወጡት ዝሆኖች መጽሐፍ ይዘው ወረዱ። ሴባስቶፖል ግን አልተከፈለምና የጫነው የለም፤ ዛሬም እዚያው መቅደላ ነው። አዲስ አበባ በቴዎድሮስ አደባባይ የምናየው አምሳያው ነው።

ኤፕሪል 20 እና 21 በደላንታ ጨረታ ተካሄደ። ከብሪቲሽ ሙዚየም የተላከው ሪቻርድ ሆምዝ ሙዚየሙ በኋላ ያገኛቸውን ወደ 350 የሚሆኑ የብራና መጻሕፍት ሰበሰበ፤ ሌሎቹ ወደ ግለሰቦች እጅ ገቡ። እዚህ ላይ የመጀመሪያው ጥያቄ በአዲስ መልክ ይመለሳል። የመጻሕፍት ስብስብ በአካል ይከፈላል፤ አንዱን በዚህ በቅሎ፣ ሌላውን በዚያ መጫን ይቻላል። በትርጉም ግን እንደ ሴባስቶፖል አንድ ወጥ ነው። ከአንድ ደብር የወጡ ስንክሳር፣ ተአምረ ማርያምና የመሬት ስጦታ የተጻፈበት ወንጌል ሲለያዩ የደብሩ ትዝታ አብሮ ይበተናል። ጨረታ ጭነትን በገዢ ኪስ ልክ ይከፍላል።

ሆኖም እነዚያ የአድራሻ ጽሕፈቶች ሥራቸውን አላቆሙም። ዊልያም ራይት በ1877 የብሪቲሽ ሙዚየምን የግእዝ መጻሕፍት ዝርዝር ባሳተመ ጊዜ፣ የመጻሕፍቱን የባለቤትነት ጽሕፈቶችም መዝግቧል። ጎንደር ውስጥ የነበረ ጸሐፊ ለደብሩ ብሎ የጻፈው መስመር የመጽሐፉ መነሻ ማስረጃ ሆኖ ለንደን ላይ ታተመ። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ በ1872 ክብረ ነገሥትንና ኵርዓተ ርእሱ የተባለውን ሥዕል እንዲመልሱላቸው ጽፈው ሲጠይቁ፣ አንድ የክብረ ነገሥት ቅጂ ተመለሰላቸው። ሥዕሉ ግን ሳይመለስ ቀረ፤ ሆምዝ ለራሱ አስቀርቶት ነበርና በሙዚየሙ መዝገብ ውስጥ አልገባም። በመዝገብ ያለው ተጠየቀ፣ ተመለሰም፤ ከመዝገብ ውጪ የተወሰደው ተሰወረ። የሦስተኛው ጥያቄ ክብደት በዚህ ይታያል።

ተማሪዎች «ይህ ሁሉ ያለፈ ነገር አይደለምን?» ብለው ሊጠይቁ ይችላሉ። አላለፈም፤ ዕቃዎቹ በእኛ ዕድሜም እየተጓዙ ነው። በ1937 የኢጣሊያ ፋሺስት መንግሥት ከአክሱም የወሰደው ሐውልት ቁመቱ 24 ሜትር፣ ክብደቱ ወደ 160 ቶን ነው። በ1947 በተፈረመው የሰላም ውል ኢጣሊያ ከኢትዮጵያ የወሰደችውን ቅርስ በ18 ወር ውስጥ እንድትመልስ ተወሰነ፤ ሐውልቱ የተመለሰው ግን በኤፕሪል 2005 ነው። ለሦስት ተከፍሎ በአንቶኖቭ አውሮፕላን በሦስት በረራ መጣ፤ ለዚህ ጭነት ሲባልም የአክሱም አውሮፕላን ማረፊያ ተሻሽሏል። ዳግመኛ የቆመው በ2008 ነው። እንደ ሴባስቶፖል ሁሉ እዚህም ለዕቃው መንገድ ተበጅቶለታል። ነገር ግን ከሐውልቱ ይልቅ የከበደው ውሉን መፈጸም እንደ ነበር ከዓመታቱ ቁጥር መረዳት ይቻላል።

ሌሎች ጭነቶች ደግሞ ክብደታቸው በኪሎ አይለካም። በ2001 በኤዲንብራ ከተማ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ አንድ ታቦት ተገኘ፤ በቀጣዩ ዓመት ወደ ኢትዮጵያ ተመለሰ። በ2019 ደግሞ የለንደን ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም የዐፄ ቴዎድሮስን የፀጉር ጉንጉን ለኢትዮጵያ አስረከበ። ታቦት የሚሸፈነው ከግጭት ለመጠበቅ ሳይሆን ከዓይን ለመጠበቅ ነው። የሚሸከመውም የተሾመ ካህን ነው። ብሪቲሽ ሙዚየም የያዛቸውን 11 ታቦታት የሙዚየሙ ሠራተኞች እንኳ እንዳያዩአቸው አድርጎ አስቀምጧል፤ ሊያሳየው የማይችለውን ነገር ይዞ የሚቆይ ሙዚየም የገባበት አጣብቂኝ ከዚህ ይጀምራል። ለታቦት የሚስማማው ሣጥን ከባለቤቱ እጅ ሌላ የለም።

እንግዲህ ወደ መደምደሚያዬ ልምጣ። የደቡብ ጎንደር አድባራትና ገዳማት ዛሬም የብራና መጻሕፍት ማደሪያ ናቸው። ለእድሳት፣ ለፎቶግራፍ ቅጂ ወይም ለዐውደ ርእይ ሲባል መጻሕፍት ይንቀሳቀሳሉ፤ ከእናንተም አንዳንዶቻችሁ ነገ በዚህ ሥራ ትሳተፋላችሁ። ስለ መጠቅለያው ልምከር። መጽሐፉ በማኅደሩ ይጓዝ፤ ከባድ ነገር አይጫንበት፤ አየር በማያስገባ ፕላስቲክ አይታፈን፤ ብራና ከአየሩ እርጥበት ጋር ያብጣልና ይኮማተራልና ከደጋ ወደ ቆላ ሲወርድ በድንገት አይከፈት። ይህን ሁሉ ብታደርጉ መጽሐፉ በደኅና ይደርሳል።

በደኅና መድረስ ግን እንዳየነው የሥራው ግማሽ ብቻ ነው። የመቅደላ መጻሕፍትም በዝሆን ጀርባ በደኅና ደርሰዋል። ስለዚህ አንድ መጽሐፍ ከግድግዳው ከመውረዱ በፊት ቅጠሎቹ ይቈጠሩ፤ የባለቤትነቱ ጽሕፈት ይነበብና ይገልበጥ፤ የጎደለውና የተቀደደው ይመዝገብ፤ ማን እንዳስረከበ፣ ማን እንደ ተረከበና መቼ እንደሚመለስ ተጽፎ አንዱ ቅጂ ከደብሩ፣ ሌላው ከመጽሐፉ ጋር ይሁን። ይህ የቢሮ ሥርዓት ብቻ አይደለም። ያ የጎንደር ጸሐፊ በብራናው ግርጌ የጀመረውን ሥራ መቀጠል ነው። ቆዳው ያረጃል፣ ገመዱ ይበጠሳል፣ ተሸካሚውም ያልፋል። ዕቃውን ወደ ቤቱ የሚመራው የተጻፈው ስሙ ነው።